ልብ አንጠልጣዩ ድራማ ሲያልቅ ምን እንይ?

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅማ መንገድ ሲጓዙ፣ ሰበታ ከመድረስዎ በፊት ዓለም ገናን ያገኛሉ። የቡታጅራና የሆሳዕና መንገድ ከጅማው መንገድ የሚገነጠለው እዚህ ነው። በአካባቢው ፋብሪካዎች በርክተዋል። ከእነዚህም መካከል በ2002 ዓ.ም. በቱርክ ባለሀብት ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል። የፈረቃ ለውጥ በሚሆንበት ሰዓት ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ የምሳ ዕቃቸውን ያንጠለጠሉ ሴቶች መንገዱን ይሞሉታል። ሁሉም ይቸኩላሉ። ምን እንደሚያስቸኩላቸው ቢጠይቁ፣ አንዷ «ጡት የሚጠባ ልጅ ጥዬ ነው የወጣሁት» ትላለች፤ ሌላዋ «ሊጥ አቡክቻለሁ» ትላለች። ሦስተኛዋ ግን ሳቅ ብላ «ድራማው እንዳያመልጠኝ ነው» ማለቷ አይቀርም።

አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የምትኖረው በዚህችው ከተማ ነው። የሦስት ልጆች እናት ስትሆን፣ በፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ቡናው ተፈልቷል፣ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ ቤቱ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ቀዝቅዟል። ነገሩ ግራ ቢገባኝ «ምን ሆናችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ለካስ ወራት ሙሉ በየምሽቱ ሲከታተሉት የነበረው የቱርክ ድራማ በዚያው ሳምንት አልቆባቸው ኖሯል።

«አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ» አለችኝ ጓደኛዬ፣ ስኒውን እያቀበለችኝ። «እንደዚያ ያለ፣ ልብ የሚያንጠለጥል፣ የቤተሰብ ጉዳይ ያለበት ድራማ ታውቂ እንደሆነ ንገሪን። ዝም ብሎ ጊዜ የሚበላ አይሁን።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ ይኸው ጥያቄ ነው። እርስዎም በቤትዎ ተመሳሳይ ጥያቄ ሳይገጥምዎ እንደማይቀር እገምታለሁ።

ከሲኒማ ቤት እስከ ሳሎን

የእስያ የቤተሰብ ታሪክ ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። በዚያ ቡና ላይ የነበሩ አንዲት አዛውንት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው የሕንድ ፊልም ሲያዩ መሐረባቸው እስኪርስ ያለቅሱ እንደነበር አጫውተውናል። ቋንቋውን አያውቁትም፤ ነገር ግን እናት ልጇን ስታጣ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲለያይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር።

ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በኋለኞቹ ዓመታት እንደ «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ያሉ የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማዎች ሕዝቡን በየቤቱ ሰብስበውታል። በ«ሰው ለሰው» ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀ የተባለ ተንኮለኛ ሰው የማያስታውስ ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረና የቱርክ፣ የኮሪያና የሕንድ ድራማዎችን የተዋናዮቹን ንግግር በአማርኛ ድምፅ እየተካ ያቀርብ ጀመር። በዚያን ጊዜ የአገር ውስጥ የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎች «ሥራችንን ይጎዳል፣ ባህላችንንም ይሸረሽራል» በማለት ቅሬታቸውን በአደባባይ ማሰማታቸው ይታወሳል። ቅሬታው መሠረት የሌለው አልነበረም። ይሁንና ተመልካቹ፣ በተለይም እናቶች፣ ድራማውን ወደ ቤታቸው አስገብተውታል።

ለአብነት «ጥቁር ፍቅር» በሚል ርእስ በአማርኛ የታየውን «ካራ ፓራ አሽክ» እንውሰድ። በቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 በ54 ክፍል የቀረበ ነው። ኡመር የተባለው ፖሊስ እጮኛው ከአንድ ሀብታም ሽማግሌ ጋር መኪና ውስጥ ሞታ ትገኝበታለች። የሽማግሌው ልጅ ኤሊፍ ደግሞ ታናሽ እኅቷ ታግታ፣ አባቷ የደበቀውን አልማዝ አምጪ ትባላለች። ሁለቱ በጥርጣሬ ተገናኝተው በፍቅር ይጠመዳሉ። ያን ጊዜ በየሰፈሩ «ገዳዩ ማነው?» የሚል ክርክር ሲካሄድ የሰማ ሁሉ የድራማውን ኃይል ይረዳል።

የሚያንጠለጥለን ምንድነው?

ድራማው አስማት የለውም፤ ሥራው የታወቀ ነው። በመጀመሪያ አንድ ምስጢር ይቀበራል፤ የተለወጠ ልጅ፣ የተደበቀ ወንጀል፣ የጠፋ ኑዛዜ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ምስጢሩን ያውቃል፤ የቤቱ ሰው ግን አያውቅም። እኛ በዚህ ወገን ተቀምጠን «አትመኛት! እሷ ናት እኮ!» እያልን እንጮኻለን። ከዚያም ምስጢሩ ሊወጣ ሲል ክፍሉ ይቆረጣል።

አቆራረጡም የራሱ ብልሃት አለው። በቱርክ አገር አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታይ ሲሆን፣ ርዝመቱ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ወደ ውጭ አገር ሲሸጥ ግን ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆረጠ በየቀኑ ይቀርባል። ስለዚህም በአገሩ 54 ክፍል የነበረው በሌላ አገር ከመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። ልብ የሚሰቅለው መጨረሻም በዚያው ልክ ይበዛል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደምንሰጠው አስቀድመን እንድናሰላ ነው። የፈረቃ ሠራተኛ የሆነች እናት ትርፍ ሰዓቷ ውድ ነው። እኔም ራሴ «ይህችን ብቻ ልይ» ስል ሽሮ አሳርሬ አውቃለሁ።

እንደየፍላጎትዎ ይምረጡ

የእናትና የልጅ ነገር ልብዎን የሚነካው ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁምዎ የጃፓኑን «ማዘር» ነው፤ «እናት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበ ሲሆን 11 ክፍል ብቻ ነው። አንዲት አስተማሪ ከተማሪዎቿ አንዷ በቤቷ እንደምትሠቃይ በሰውነቷ ላይ ካለው ምልክት ትጠረጥራለች። አንድ ብርዳማ ምሽት ልጅቷን በቆሻሻ መጣያ ፌስታል ታስራ ደጅ ተጥላ ታገኛታለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አላለችም፤ ልጅቷን ይዛ ትጠፋለች። በሕግ ፊት ጠላፊ ናት፤ በልጅቷ ፊት ግን እናት ናት። ፖሊስ ሲከተላቸው፣ ወላጅ እናትየዋም ስትፈልጋቸው ልብ ከአፍ ይወጣል።

ይኸው ታሪክ በቱርክ «አኔ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2017 በ33 ክፍል ተሠርቷል፤ በኮሪያም በ2018 በ16 ክፍል ቀርቧል። አንድ ታሪክ በሦስት አገር፣ በሦስት ባህል መታየቱ ብቻውን የሚነግረን ነገር አለ፤ የተበደለ ሕፃን በየትኛውም ቋንቋ የተበደለ ሕፃን ነው። ጊዜ ካለዎት የቱርኩን፣ ከሌለዎት የጃፓኑን ይምረጡ። የጃፓኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢፈጅ ነው።

የዚሁ ድርሰት ጸሐፊ ዩጂ ሳካሞቶ እ.ኤ.አ. በ2013 «ውማን» የተባለ ሌላ ድራማ ጽፏል፤ «ሴት» ማለት ነው። ቱርኮች «ካዲን» ብለው እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በ81 ክፍል አቅርበውታል። በቱርኩ ድራማ ባሃር የተባለች ወጣት ባሏ ሞቷል ተብላ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። በልጅነቷ ጥላት የሄደችውን እናቷን የምታገኘው በችግሯ ጊዜ ነው፤ ከዚያም ከባድ የደም በሽታ ይይዛታል። ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት ይህ ድራማ እንግዳ አይሆንባትም። የቤት ኪራይ ጭንቀቱ፣ የልጆቹን ምሳ ሰጥቶ ራስ «ጠግቤአለሁ» ማለቱ የእኛም ነው።

የአማትና የምራት ነገር ከሆነ የሚስብዎ፣ ሕንዶችን የሚያህል የለም። «ኪዩንኪ ሳስ ቢ ካቢ ባሁ ቲ» የተባለው ድራማ ርእሱ ራሱ ምክር ነው፤ «አማትም በጊዜዋ ምራት ነበረችና» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2008 ከ1,800 ክፍል በላይ ታይቷል። ቱልሲ የተባለችውን ምራት ሆና የተጫወተችው ስምሪቲ ኢራኒ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገብታ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2024 የአገሯ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ሚኒስትር ሆናለች። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። አንዱ ክፍል 20 ደቂቃ እንኳ ቢሆን ጠቅላላው ከ600 ሰዓት ይበልጣል። በቀን አንድ ሰዓት ቢያዩ ዓመት ከመንፈቅ አልፎም አያልቅም። ስለዚህ ይህን ከማለቅ ሳይሆን ከማቋረጥ ጋር አብረው ያቅዱት።

ከሕንድ ድራማዎች ውስጥ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው «ባሊካ ቫዱ» ነው፤ «ሕፃኗ ሙሽራ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2016 ከ2,000 ክፍል በላይ ቀርቧል። አናንዲ የተባለች የስምንት ዓመት ልጅ በራጃስታን ገጠር ትዳራለች። ጋብቻው ምን እንደሆነ ሳታውቅ በአማቶቿ ቤት ታድጋለች። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ሕጉ ቢኖርም፣ ከያለዕድሜ ጋብቻ ሸሽተው ወደ ከተማ የሚመጡ ልጃገረዶች በየሰፈራችን አሉ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻ ከልጆችዎ ጋር ቢያዩ በቂ የመወያያ ርእስ ያገኛሉ።

የወንድማማቾች ጠብና የተሸፈነ ወንጀል የሚወዱ ከሆነ፣ የቱርኩ «ኩዜይ ጉኔይ» አለልዎ፤ «ሰሜንና ደቡብ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 በ80 ክፍል የቀረበ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንዲት ልጅ ይወዳሉ። አንዱ የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ እስር ቤት ይገባል፤ ሲወጣ የሚጠብቀው ቤት የተወውን ቤት አይደለም። ዳቦ ጋጋሪው አባት የሚያሳየው ጭካኔ ልጆቹን እንዴት እንደቀረጻቸው ልብ ይበሉ።

የተለወጠ ልጅ ነገር ካስለቀሰዎ፣ «በልቤ ውስጥ ያለ መኸር» የሚል ትርጉም ያለውን የኮሪያ ድራማ ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የቀረበ ነው። ሁለት ሴት ሕፃናት በተወለዱበት ሆስፒታል ይለዋወጣሉ። አንዷ በድሎት፣ ሌላዋ በችግር ያድጋሉ። ምስጢሩ ሲወጣ «እናቴ የቷ ናት? ያሳደገችኝ ወይስ የወለደችኝ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በነገራችን ላይ ኮሪያ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዘምተውባታል። ያን ጊዜ በጦርነት የወደመችው አገር ዛሬ ድራማዋን ለዓለም ትሸጣለች።

በትዳር ውስጥ ስላለ ክህደት ለሚያስቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረበው የኮሪያው «የባለትዳሮች ዓለም» አለ። 16 ክፍል ነው። አንዲት ሐኪም በባሏ የአንገት ልብስ ላይ የሌላ ሴት ፀጉር ታገኛለች። ከዚያች አንዲት ፀጉር ተነሥቶ ሙሉ ቤት ይፈርሳል። የቱርኩ «አሽክ-ኢ ሜምኑ»፣ ማለትም «የተከለከለ ፍቅር»፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው የሀሊት ዚያ ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ታይቷል። ሁለቱም ግን ለአዋቂ እንጂ ለልጅ አይሆኑም። ልጆች ከተኙ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

ለመላው ቤተሰብ፣ አባትም ልጅም ሳይሳቀቅ የሚያየው ከፈለጉ «ደ ጃንግ ግም» ከሁሉ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በ54 ክፍል የቀረበ የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ ነው። ወላጆቿን ያጣች ልጅ በቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ትገባለች፤ በተንኮል ትባረራለች፤ ሕክምና ተምራ የንጉሡ ሐኪም እስከመሆን ትደርሳለች። መነሻው ከ500 ዓመት በፊት በነበረው በንጉሥ ጁንግጆንግ ዘመን በታሪክ መዝገብ ስሟ የተጠቀሰ ሴት ናት። ልጅዎን «ብሔራዊ ፈተናውን ካላለፍክ» እያሉ የሚያስጨንቁ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2019 የታየውን «ስካይ ካስል» ይዩ። ልጆቻቸውን ሐኪም ለማድረግ ሲሉ የሚያጠፏቸው ሀብታም እናቶች ታሪክ ነው። እኔ ካየሁት በኋላ የልጄን ደብተር የማይበት ዓይን ተለውጧል።

በር ላይ የቆመችው ልጅ

አሁን ወደ ዓለም ገናው ቤት እንመለስ። የጓደኛዬ ቤት አንዲት ሠራተኛ አለች። ዕድሜዋ 16 ሲሆን፣ ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ድራማው ሲታይ እሷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሰሃን በእጇ ይዛ፣ ቆማ ታያለች። ሲጠሯት ትሮጣለች፤ ስትጨርስ ተመልሳ እዚያው ትቆማለች። ይህ በስንቶቻችን ቤት የተለመደ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል።

ጓደኛዬ ጎረቤቶች ከሄዱ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በድራማው ውስጥ አንዲት ሀብታም እመቤት የቤት ሠራተኛዋን በጥፊ ስትመታ ታየ። ጓደኛዬ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አረመኔ! ልጅ አልወለደችም እንዴ?» አለች። ይህን ጊዜ የሰባት ዓመቱ የመጨረሻ ልጇ ወደ እሷ ዞሮ፣

«እማዬ፣ አንቺስ ትናንት ብርጭቆ ስትሰብር መተሻት የለም?» አላት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ገባች። ቴሌቪዥኑ ብቻ ይጮኻል። «ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለችኝ ጓደኛዬ። «ፋብሪካ አለቃዬ ሲጮኽብኝ ቤቴ መጥቼ አለቅሳለሁ። እሷ ደግሞ እኔ ስጮኽባት የት ሄዳ ታለቅሳለች?»

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። በመስኮት እንደሚታይ ሰው በቴሌቪዥን ለምናየው እንግዳ ማልቀስ ይቀለናል፤ ከኋላችን ለቆመው ግን ፊታችንን አናዞርም።

ስለዚህም ለጓደኛዬ ከሁሉ በላይ እንድታየው የመከርኳት የጃፓኑን «ኦሺን» ነው። ሱጋኮ ሀሺዳ የተባለች ሴት የደረሰችው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1983 እስከ መጋቢት 1984 በየቀኑ 15 ደቂቃ እየሆነ በ297 ክፍል ታይቷል። ተመልካቹ እጅግ በበዛበት ጊዜ በጃፓን ከመቶ 62.9 ደርሶ ነበር፤ ከ60 በላይ በሆኑ አገሮችም ቀርቧል። ኦሺን የጭሰኛ ልጅ ናት። በሰባት ዓመቷ ለአንድ ጆንያ ሩዝ ሲባል በሰው ቤት ታገለግል ዘንድ ትሰጣለች። በበረዶ ውስጥ ጨርቅ ታጥባለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ያልሰረቀችውን ሰርቀሻል ትባላለች። በኋላ በሌላ ቤት አንዲት አስተዋይ አሮጊት ፊደልና ሒሳብ ያስተምሯታል። እነዚያ ፊደልና ሒሳብ ኦሺንን የብዙ መደብሮች ባለቤት እስከመሆን አድርሰዋታል። አንዲት የቤት ሠራተኛ ልጅ የሚገጥማት እመቤት ማን መሆኗ ዕድሜ ልኳን ሊወስን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ድራማ አላየሁም።

ድራማ ሰውን ይለውጣል?

«ተረት ነው፤ ሰውን አይለውጥም» የሚሉ አሉ። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1969 በፔሩ «ሲምፕልመንቴ ማሪያ» የተባለ ድራማ ታይቶ ነበር። ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ ማታ እየተማረች፣ በልብስ ስፌት መኪና ራሷን ስትችል ያሳያል። ድራማው በታየባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች የስፌት መኪና ገበያና የማታ ትምህርት ተመዝጋቢ መጨመሩ ተመዝግቧል። የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ይህን አይቶ ነው ድራማን ሆን ብሎ ለማስተማሪያ ማዋል የጀመረው።

ይህ ዘዴ ወደ እኛም መጥቷል። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 1997 ዓ.ም. መጀመሪያ በ257 ክፍል ተላልፎ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ብዙ ቤት አወያይቷል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችም ጎርፈውለታል። በሕንድ ገጠሮች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ደግሞ ሮበርት ጀንሰንና ኤሚሊ ኦስተር የኬብል ቴሌቪዥን በገባባቸው መንደሮች «ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው» የሚሉ ሴቶች ቁጥር መቀነሱን አግኝተዋል። ሌሎች አጥኚዎችም የብራዚል ድራማዎች በሚታዩባቸው አካባቢዎች ሴቶች ጥቂት ልጆች ወደ መውለድ ማዘንበላቸውን አሳይተዋል።

በአንፃሩ ድራማ ክፉውንም ያስተምራል። ቪላውንና መኪናውን አይተን የራሳችንን አንድ ክፍል ቤት ልንንቅ እንችላለን። በብዙዎቹ ድራማዎች ቅናት ፍቅር ይባላል፤ እጇን ጎትቶ የሚወስዳት ሰው ጀግና ይደረጋል። ሴት ልጅዎ ይህን ስታይ አጠገቧ ሆነው «ይህ ፍቅር አይደለም» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል።

እንዴት እንይ?

ከልምዴ ጥቂት ነገር ልጠቁም።

አንደኛ፣ ሳይጀምሩ የክፍሉን ብዛት ይጠይቁ። የጃፓኑ ብዙ ጊዜ 11 ገደማ፣ የኮሪያው 16 ወይም 20፣ የቱርኩ ከ30 እስከ 80፣ የሕንዱ ደግሞ መቶና ሺህ ነው። ለፈረቃ ሠራተኛ አጭሩ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ ያልተመለሰውን በስልክ ወይም በዩቲዩብ የሚያዩ ከሆነ በሥሩ የሚጻፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለው። የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ልጅ ካለዎት ጮክ ብሎ እያነበበ ይተርጉምልዎ። ለእሱ ትምህርት፣ ለእርስዎ መዝናኛ ይሆናል። የኢንተርኔት ጥቅሉን ወጪ ግን ከወር በጀትዎ ጋር ያስተያዩት።

ሦስተኛ፣ የልጆች ጥናትና እንቅልፍ ለድራማ ሲባል አይነካ። ገዳይና በቀል የበዛበትን፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2021 የቀረበውን የኮሪያ «ፔንትሃውስ»፣ ከልጅ ጋር አይዩ።

አራተኛ፣ ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ ይነጋገሩ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ልጅዎ በቀጥታ ሊነግርዎ ያልደፈረውን ሊያወጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይይ።

ይህችን የመጨረሻዋን የተማርኩት ከጓደኛዬ ነው። ከዚያች ምሽት በኋላ ከገበያ አንዲት ዱካ ገዝታ መጣች። አሁን ልጅቷ የምታየው ተቀምጣ ነው። በመስከረምም የማታ ትምህርት አስመዝግባታለች፤ ልጅቷ ማታ ስትማር ራቱን የምታቀርበው ጓደኛዬ፣ ሰሃኑን የሚያጥበው ደግሞ ትልቁ ልጇ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ደመወዟ ዛሬም ትንሽ ነው፤ ጓደኛዬም «አንዳንዴ ድካም ሲበዛብኝ ድምፄ ከፍ ይላል» ብላ አልሸሸገችኝም። እጇ ግን ከዚያ ወዲህ እንዳልተነሣ ነግራኛለች።

ልሰናበት ስነሣ «እንግዲህ ቀጥሎ ምን እንይ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ሁሉም የየራሱን ተናገረ። እኔ ወደ ልጅቷ ዞሬ «አንቺስ?» አልኳት። አፏን በእጇ ሸፍና አቀረቀረች። ቆይታ፣

«ልጅቷ መጨረሻ ላይ እናቷን የምታገኝበት ካለ» አለች።

ጓደኛዬ ዝም አለች። እኔን ለመሸኘት እስከ አስፋልቱ ስትወጣ፣ ወደ ቡታጅራ የሚሄዱት መኪናዎች በሚቆሙበት አጠገብ ስንደርስ ቆም ብላ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ አገሯ አልሄደችም» አለችኝ። «ለፋሲካ እልካታለሁ። ለእናቷም ቡና ይዛ ትሂድ።»

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ፣ ድራማው ከመጀመሩ በፊት ወደ ወጥ ቤቱ በር አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይመልከቱ። የቆመ ሰው ካለ፣ መቀመጫ ይስጡት።